ከክረምት እስከ ክረምት፦ በቪክቶሪያ ባሕር ዳርቻ በበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ክለብ ውስጥ ያሳለፍኩት ዓመት

በአውስትራሊያ ባሕር ዳርቻዎች ቀይና ቢጫ ቆብ አድርገው የሚቆሙትን በጎ ፈቃደኞች ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ ሥራቸው የሚሰጥምን ሰው ዋኝቶ ማውጣት ይመስለዋል። ከሜልበርን በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ጠረፍ ከሚገኙት ክለቦች በአንዱ አባል ሆኜ አንድ ሙሉ ዓመት ካሳለፍኩ በኋላ የተረዳሁት ግን፣ ዋኝቶ ማውጣት የሥራው ትንሹ ክፍል መሆኑንና ትልቁ ክፍል ማንም ሳይሰጥም በፊት ውኃውን ተመልክቶ ሰዎችን ከአደገኛው ቦታ ማራቅ መሆኑን ነው። ይህን የሚያይ ዓይን በጥቂት ሳምንታት ሥልጠና አይገኝም። የክለቡ ዓመት በሙሉ፣ ባሕሩ ዳር ሰው የማይታይበት ክረምት ጭምር፣ ይህን ዓይን ለማሳደግ የተደራጀ ነው። በሜልበርን፣ በሲድኒም ሆነ በፐርዝ ለምትኖሩና ለመጀመር ለምታስቡ ወገኖቼ ይጠቅም እንደሆነ በማለት፣ ዓመቱ እንዴት እንደሄደና ምን እንደተማርኩ እጽፋለሁ።

የክለቦቹ ታሪክ ሥራውን ለመረዳት ስለሚረዳ ባጭሩ ልጥቀሰው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሲድኒ ዳርቻዎች በቀን ብርሃን ባሕር መግባት በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲላላ መዋኘት የማይችለው ሕዝብ በብዛት ወደ ውቅያኖሱ መግባት ጀመረ፤ ሰጣሚውም በዛ። በየሠፈሩ ያሉ ዋናተኞች ተሰባስበው ያለ ክፍያ መጠበቅ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በ1907 በኒው ሳውዝ ዌልስ ክለቦቹ በአንድ ማኅበር ሥር ተደራጁ። ከመዘውር ላይ የሚተረተር ረጅም ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ የሚዋኝ አዳኝና ገመዱን ከዳር የሚስቡ ጓዶቹ ለረጅም ዘመን የዚህ አገልግሎት መለያ ሆነው ቆይተዋል። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ300 በላይ ክለቦች አሉ፤ በቪክቶሪያ ያሉትን የሚያስተባብረው ላይፍ ሴቪንግ ቪክቶሪያ የተባለው ድርጅት ነው። በአንዳንድ ዳርቻዎች በትምህርት ቤት የበጋ ዕረፍት ወቅት ከሰኞ እስከ ዓርብ ደመወዝተኛ ጠባቂዎች ይሠራሉ፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ግን የበጎ ፈቃደኞች ቀን ናቸው።

እኔ ክለቡን የተቀላቀልኩት በሰኔ፣ ማለትም በክረምቱ መጀመሪያ ነበር። ወደ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ የመጣ ኢትዮጵያዊ ከአውሮፓ ከሚኖሩት ወገኖቹ የተለየ አንድ ዕድል አለው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ክረምት ነው፣ መስከረም ሲጠባ አበባው ይፈነዳል፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። በዚህ ክረምት ክለቡ የሚሠራው ሥራ የገረመኝ ለዕድር ኑሮ ቅርብ ስለሆነ ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በአባላት ድምፅ ይመረጣሉ፤ የዓመቱ ሒሳብ ለጉባኤ ይቀርባል፤ ሥራው በየአባሉ ይደለደላል፤ ሲያስፈልግም በቅዳሜ ጠዋት በአንድ መደብር በር ላይ ቋሊማ ጠብሶ በመሸጥ ገንዘብ ይሰበሰባል። የነፍስ አድን ሰሌዳዎቹ ስንጥቃቸው ይደፈናል፣ የጀልባዋ ሞተር ይፈታል፣ የኦክስጅን ሲሊንደሮችና የልብ ምት መመለሻው መሣሪያ ባትሪ ይመረመራሉ። ከባሕር ጨው ጋር የሚኖር ዕቃ ሳይታይ ከቆየ ይበላሻልና፣ በጥር የምንመካበት መሣሪያ ሁሉ በሐምሌ የተጠበቀ መሆን አለበት። አዲስ አባል ክለቡን በክረምት እንዲያውቀው አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው፤ በበጋ የሚመጣ ሰው ቆቡንና ባንዲራውን ያያል፣ በክረምት የመጣ ሰው ግን ሰዎቹን ይተዋወቃል።

ክረምቱ ለእኔ የመዋኛ ገንዳም ወቅት ነበር። ያደግሁት መዋኘት በማይዘወተርበት ደጋ ስለሆነ ዋና የተማርኩት በጎልማሳነቴ ነው፤ መንሳፈፍና ጥቂት መሄድ ብችልም ፊቴን ውኃ ውስጥ አድርጌ ወደ ጎን እየተነፈስኩ ረጅም ርቀት መዋኘት አልለመድኩም ነበር። ለነፍስ አድን አባልነት መሠረት የሆነው ብሮንዝ ሜዳልየን የተባለው ብቃት ከመነሻው 400 ሜትር በ9 ደቂቃ ውስጥ መዋኘትን ይጠይቃል። ይህ ለልምድ ዋናተኛ ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን የወራት ሥራ ሆነ። ለውጥ ያመጣልኝ ጉልበት መጨመር አልነበረም። አሠልጣኙ ውኃ ውስጥ ሳለሁ አየሩን ቀስ ብዬ ሙሉ በሙሉ እንዳስወጣ፣ ጭንቅላቴንም ወደ ላይ ሳላነሣ ከትከሻዬ ጋር ብቻ እንዳዞር ደጋግሞ አሳየኝ። አየሩ ሲወጣ ደረቴ ቀለለ፣ እግሬም ከመስመጥ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ በየሳምንቱ ሲቀንስ አየሁ። በጎልማሳነት የምትጀምሩ ሁሉ በመጀመሪያ የምትሠሩት በአተነፋፈስ ላይ ቢሆን ብዙ ድካም ትቆጥባላችሁ።

ሥልጠናው ራሱ የተጀመረው በጥቅምት፣ ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። የቪክቶሪያ ባሕር በበጋም ቢሆን ከ20 ዲግሪ እምብዛም የማያልፍ ስለሆነ፣ በጥቅምት ያለ ወፍራም የዋና ልብስ መግባት አይታሰብም። የመጀመሪያው ትምህርት ሞገድን ማለፍ ነበር። የሚመጣው ሞገድ ሲፈርስ ፊት ለፊት የተጋፈጠው ሰው ተመልሶ ዳር ላይ ይጣላል፤ ከሥሩ ጠልቆ አሸዋውን በእጁ የያዘ ሰው ግን ሁከቱ ከጀርባው በላይ አልፎት ይሄዳል። ከዚያ 200 ሜትር ሮጦ፣ 200 ሜትር ባሕር ውስጥ ዋኝቶ፣ እንደገና 200 ሜትር መሮጥ፣ ሁሉንም በ8 ደቂቃ ውስጥ፤ ከዚያ በተንሳፋፊ ቲዩብና በሰሌዳ ሰው ማምጣት፤ አንገቱ የተጎዳን ሰው ከጥልቀት በሌለው ውኃ ሳያነቃንቁ ማውጣት፤ በእጅ ምልክትና በራዲዮ መነጋገር። ልብ ለቆመበት ሰው 30 ጊዜ ደረቱን ተጭኖ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ፣ ከዋና በኋላ ትንፋሽ እያጠረ፣ ተረዳድቶ እየተቀያየሩ ለረጅም ደቂቃ ማስኬድ ግን የሰውነት ዕውቀት ነው። ስለዚህም ይመስለኛል ማንኛውም አባል በየዓመቱ ብቃቱን በድጋሚ ካላረጋገጠ ወደ ጥበቃ የማይመለሰው። ፈተናውን ያለፍኩት ከጥበቃው ወቅት መጀመሪያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር፤ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል አጥሮኛል።

ከተማርኩት ሁሉ ጥልቅ የሆነው ግን ሪፕ የተባለውን ጅረት ማወቅ ነው፤ በአውስትራሊያ ባሕር ዳርቻዎች ብዙ ሕይወት የሚቀጥፈው እርሱ ነውና፣ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ሞገዶች በአሸዋ ክምሮች ላይ እየፈረሱ ውኃውን ወደ ዳር ይገፋሉ። ያ ሁሉ ውኃ ወደ ባሕር መመለስ አለበትና፣ በክምሮቹ መካከል ያለውን ጥልቅ ቦይ ፈልጎ በዚያ በኩል በፍጥነት ይወጣል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ በላዩ ላይ አይፈርስም፤ ቀለሙም ጠቆር ይላል። ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሲያስፈራ እርሱ ዝም ያለ፣ ለስላሳና የሚጋብዝ ይመስላል። ባሕርን የማያውቅ ቤተሰብ ልጆቹን የሚያስገባው በዚያ ነው፤ ጸጥ ያለው ቦታ የተሻለ መስሎ ይታየዋልና። እኔም በሥልጠናው መጀመሪያ ከኮረብታው ላይ ሆኜ ዳርቻውን ስመለከት የምመርጠው ቦታ ያ ይሆን ነበር። አሠልጣኙ ጥያቄውን በየጠዋቱ ይደግምልን ነበር፦ «ዛሬ የት ነው ያለው? ከትናንቱ ምን ያህል ተንቀሳቅሷል?» የውኃው ከፍታ ሲቀንስ ይበረታል፤ ማዕበል አሸዋውን ሲያዛውረው ቦታውን ይቀይራል፤ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል። ወደ ውጪ የሚሄድ አሸዋ የያዘ አረፋን፣ በውኃው ገጽ ላይ ያለ ለየት ያለ መንቀጥቀጥን፣ በሁለት የሚፈርሱ ሞገዶች መካከል ያለ ክፍተትን መለየት የቻልኩት በብዙ ጠዋቶች ነው።

በሪፕ የተያዘ ሰው ማወቅ ያለበት ጅረቱ ወደ ታች የማይስብ፣ ወደ ውጪ ብቻ የሚወስድ መሆኑን ነው። ሰውን የሚገድለው ድንጋጤና ድካም ነው፤ ወደ ዳር በቀጥታ ልመለስ ብሎ ከጅረቱ ጋር የሚታገል ሰው ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ይዝላል። የሚመከረው በጀርባ ተንሳፍፎ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ እጅን አንሥቶ እርዳታ መጠየቅ፣ አቅም ያለው ደግሞ ከዳርቻው ጎን ለጎን ሞገድ ወደሚፈርስበት አቅጣጫ መዋኘት ነው፤ ሞገድ የሚፈርስበት ቦታ ውኃው ወደ ዳር የሚገፋበት ነውና። ልምድ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ፦ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሃሮልድ ሆልት፣ ባሕር የሚወዱና ጠልቆ መዋኘት የለመዱ ሰው ሆነው ሳሉ፣ በታኅሣሥ 17 ቀን 1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፖርትሲ አቅራቢያ በሼቪዮት ዳርቻ ገብተው ጠፉ፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም።

የጥበቃው ቀን የሚጀምረው ይህን ሁሉ በማንበብ ነው። የፈረቃው ካፒቴን ከሌሎቹ ቀድሞ ዳርቻውን ይመለከትና ቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ የት እንደሚተከሉ ይወስናል፤ ሕዝቡ የሚያየው ሁለት እንጨት ነው፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ቦታ ግን የዚያን ጠዋት ትልቁ ውሳኔ ነው። ቲዩቡና ሰሌዳው ወደ ውኃው ጠርዝ ይወርዳሉ፣ ጀልባዋ ትዘጋጃለች፣ የክፍለ ግዛቱ የራዲዮ ማዕከል ጥበቃ መጀመሩን ይነገረዋል፤ በየተወሰነ ሰዓትም በውኃውና በአሸዋው ላይ ያለው ሰው ብዛት ተቆጥሮ በመዝገብ ይሰፍራል። ጠርዝ ላይ የሚቆም ተረኛ ዓይኑ እንዳይደክም ቶሎ ቶሎ ይተካል፤ ከሰው ጋር ሲነጋገርም ፊቱ ከባሕሩ አይዞርም። የሚሰጥም ሰው እንደሚታሰበው አይጮኽም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይዘነበላል፣ አፉ ከውኃው ገጽ ጋር እኩል ይሆናል፣ እጆቹም መሰላል የሚወጣ ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁሉም በጸጥታ ነው። ስለዚህ ዓይናችን የሚፈልገው ሁካታን ሳይሆን ዝምታን ነው። በወቅቱ ካደረግሁት ነገር አብዛኛው ወደ ሰዎች ቀርቦ «እባካችሁ ወደ ባንዲራዎቹ መካከል ተመለሱ» ማለት ነበር። ይህ የማይታወቅና የማይመሰገን ሥራ ነው፤ ያልደረሰን አደጋ ማንም አይቆጥረውም። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ቲዩብ ይዤ የገባሁባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ከእነርሱ ሁሉ የሚበልጠውን ብቻ ልጥቀስ፦ አንድ ወጣት ከባንዲራዎቹ ትንሽ ወጣ ብሎ ወገቡ ድረስ ቆሞ ሳለ እግሩ ሥር ያለው አሸዋ ተንሸራተተና ወደ ቦዩ ገባ። ከእኔ ጋር ተረኛ የነበረው አባል በራዲዮ ሲያሳውቅ እኔ በዚያው ጅረት ገባሁ፤ ሪፑ የሚወስደውን ሰው ለመድረስ ፈጣኑ መንገድ ራሱ ሪፑ ነውና። ቲዩቡን ከሰጠሁት በኋላ ሁለታችንም ተረጋግተን ጎን ለጎን ሄድን፤ ሞገዱም ወደ ዳር መለሰን። ዳር ላይ እናቱ እያለቀሱ ሲያቅፉት ያየሁ ጊዜ የክረምቱ ገንዳ፣ የሐምሌው ስብሰባና የቋሊማው ጥብስ ሁሉ ለምን እንደነበር ከማንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በእሑድ ጠዋት ኒፐርስ የተባሉት ሕፃናት ይመጣሉ። ከ5 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በየዕድሜያቸው ተከፋፍለው በአሸዋ ላይ መሮጥን፣ ሞገድን ማለፍን፣ ሪፕን መለየትን ይማራሉ፤ 13 ሲሞላቸው የመጀመሪያውን የነፍስ አድን ምስክር ወረቀት፣ ከ15 ጀምሮም ብሮንዙን መውሰድ ይችላሉ። ልጄ ከእኔ ቀድማ ሪፑን በጣቷ ስታመለክት መስማት ከሁሉ የበለጠ ደስታዬ ነው። ሴቶች በመላ አገሪቱ በጥበቃ ሙሉ አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው በ1980 መሆኑን ለእርሷ ስነግራት ለማመን ከብዷት ነበር።

የጥበቃው ወቅት ከሃይማኖታችን የጊዜ አቆጣጠር ጋር እንዴት እንደሚስማማ ብዙዎች ጠይቀውኛል። ገናና ጥምቀት የሚውሉት ዳርቻው እጅግ በሚጨናነቅበት በጥር ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ በወቅቱ ማብቂያ ላይ ይገባል። እኔ ለፈረቃ ክፍሉ ኃላፊ አስቀድሜ በማስረዳት በአብዛኛው የቅዳሜ ተራ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ፤ እሑድ ሲደርሰኝም ከቅዳሴ በኋላ ያለውን የከሰዓት ፈረቃ ከሌላ አባል ጋር እቀያየራለሁ። በጾም ወራት ጉልበት የሚጠይቀውን የዋና ልምምድ ከምግብ በኋላ ወዳለው ምሽት አዛወርኩት። ማንም ቅር አላለውም፤ ይልቁንም ፈረቃ መለዋወጥ የክለቡ የዘወትር ልማድ ነው።

በጥር መጨረሻ በፉትስክሬይ በሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ውኃ ደኅንነት በአማርኛ እንድናገር ተጠየቅሁ። ከአድማጮቹ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኛ እኮ አንዋኝም፤ እግራችንን ብቻ ነክረን ነው የምንመለሰው» አሉኝ። ይህ የብዙዎቻችን አስተሳሰብ ስለሆነ ንግግሬን ከዚያ ጀመርኩ። ከጉልበት በታች የቆመን ሰው የሚመለስ ሞገድ ሊጥለው ይችላል፤ ከዓለት ላይ ሆኖ ዓሣ የሚያጠምድን ሰው ያልጠበቀው ሞገድ ሊወስደው ይችላል። ባንዲራ በሌለበት ዳርቻ አለመግባት፣ ትንንሽ ልጆችን እጅ ከሚደርስበት ርቀት አለማራቅ፣ ሰው ሲሰጥም የሚንሳፈፍ ነገር ሳይዙ ተከትሎ ዘልሎ አለመግባት የሚሉትን ደጋግሜ ነገርኳቸው። የመጨረሻው በተለይ ለእኛ ይከብዳል፤ ወንድሙ ሲሰጥም ዳር ቆሞ የሚያይ ማን አለ? ነገር ግን ሊያድን ገብቶ አብሮ የሚሞተው ብዙ ነው። የበረዶ ሳጥን ክዳን፣ ኳስ፣ ባዶ የውኃ ጀሪካን መወርወር፣ ሌላው ሰው በ000 ሲደውል ዓይንን ከሰጣሚው አለመንቀል ሁለት ሰው ያተርፋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የተወሰኑ ቤተሰቦች ወደ ክለባችን ዳርቻ መምጣት ጀምረዋል፤ ሁለት ወጣቶችም ለሚቀጥለው ሥልጠና ተመዝግበዋል።

በክለቡ ግድግዳ ላይ ስለ የካቲት 6 ቀን 1938 የሚናገር አሮጌ ጽሑፍ ተሰቅሏል። በዚያ እሑድ በሲድኒ ቦንዳይ ዳርቻ ተከታትለው የመጡ ትላልቅ ሞገዶች በአሸዋው ክምር ላይ የቆሙትን ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ ወሰዷቸው፤ ወደ 250 የሚጠጉ ሰዎች እርዳታ አስፈለጋቸው፣ 5 ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ ጋር የሚነሣው ደግሞ የቅርብ ጊዜው ሐዘን ነው። በሚያዝያ 21 ቀን 2019፣ በምዕራባውያን የትንሣኤ ዕለት፣ ለእኛ ሆሳዕና በነበረበት እሑድ፣ የፖርት ካምቤል ክለብ በጎ ፈቃደኞች የሆኑ አባትና ልጅ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ዓለቶች አቅራቢያ አንድ ጎብኚን ለማዳን በጀልባ ወጥተው ጀልባዋ ተገልብጣባቸው ሞቱ፤ ጎብኚው ተረፈ። በትንሣኤ ሰሞን የወቅቱ የመጨረሻ ጥበቃ ሲፈጸም በክለባችን ስማቸው ይነሣል። እነርሱን ያላወቅሁ እኔ እንኳ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ጀልባ ላይ መሥራት ለመማር የወሰንኩትም ዘንድሮ ስማቸው በተነሣበት ዕለት ነው።

አሁን ክረምቱ ተመልሷል። የሚቀጥለው ዓመት ግቤ በአየር የሚነፋውን የሞተር ጀልባ በረዳትነት ለመሥራት የሚያስችለውን ብቃት ማግኘት ነው፤ ረዳቱ ክብደቱን እያዛወረ ጀልባዋ በሞገድ ላይ እንዳትገለበጥ ይጠብቃል፣ ሰውንም ከውኃ ወደ ውስጥ ያነሣል። ለዚህ ደግሞ የክንድና የጀርባ ጉልበት ስለሚያስፈልገኝ ከዋናው በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት ማንሣት ጀምሬያለሁ። ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ብዙ አያስፈልጋችሁም። የቅርብ ክለባችሁን በሰኔ ወይም በሐምሌ ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ በቪክቶሪያ ከ18 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገውን የመንግሥት ፈቃድ አስቀድማችሁ አመልክቱ፤ በጎ ፈቃደኛ አይከፍልበትም። ዋናችሁ ደካማ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ባለው ገንዳ የጎልማሶች ትምህርት ጀምሩ፤ እስከ ጥቅምት 400 ሜትሩን ሳታቋርጡ መጨረስ ከቻላችሁ ፍጥነቱን ክለቡ ውስጥ ታገኙታላችሁ።